የገጽ ሰማንያ አራት ጨረቃ

ጨረቃን ያዞርኳት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ጤንነቴን ይጠይቃል። ጤነኛ መሆኔን ለማስረዳት ታዲያ ሥራዬን ከሥር ከመሠረቱ ማብራራት ግድ ይሆንብኛል።

የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ፊልም ስለጥፍ ኖሬአለሁ። መጽሐፍ ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት ጽሑፉም ሥዕሉም በየራሱ ፊልም ላይ ይወጣል። እኔ ከሥሩ መብራት ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ እነዚያን ቁርጥራጮች በምላጭ እየቆረጥኩ፣ በፕላስተር እያጣበቅኩ አንድ ገጽ አደርጋቸዋለሁ። ፊደል ያለበት ፊልም አያስቸግርም፤ ከተዘቀዘቀ ራሱ ይጮኻል። ሰው ያለበት ሥዕልም እግርና ራስ አለው። ክብ ነገር ግን ክብ ነው፤ የትኛው ላይ፣ የትኛው ታች እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ከመቁረጤ በፊት ጫፉ ላይ በእርሳስ ትንሽ ቀስት አደርግበታለሁ፣ ላይኛው በዚህ ነው ለማለት። ለአዲስ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ የማስተምረው ይህንኑ ነው። አንድ ቀን ራሴ አላደረግኩትም።

ያን ቀን ምን ነክቶኝ እንደነበር አላስታውስም። ታምሜ ነበር እንዳልል አልታመምኩም። ከሚስቴ ተጣልቼ ነበር እንዳልል፣ እሱ የዘወትር ነው። መጽሐፉ የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ነበር፤ ገጽ ሰማንያ አራት ላይ ያለው ሥዕልም ቀላል። ከታች የአድማስ መስመር፣ በግራ «ምሥራቅ»፣ በቀኝ «ምዕራብ» የሚሉ ቃላት፣ በምዕራብ በኩል ልትጠልቅ የደረሰች ፀሐይ፣ ከላይ መሐል ላይ ግማሿ ነጭ ግማሿ ጥቁር የሆነች ጨረቃ። መስመሩ፣ ቃላቱና ፀሐይዋ በአንድ ፊልም ነበሩ። ጨረቃ ብቻ ለብቻዋ፣ ከጠርሙስ ቆርኪ በማትበልጥ ቁራጭ ላይ ነበረች። ቆረጥኳት፣ ለጠፍኳትና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ። ነጩ ጎኗ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ነበር። ስልሳ ሺህ መጽሐፍ ታተመ፤ አንድም ሰው አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ገባች። እኔ እሜቴ ነው የምላት። ስሟ አይደለም፤ አራት ዓመት ሳይሞላት ጀምሮ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ለምን?» ስለምትለኝ ያወጣሁላት ነው። የሳይንስ አስተማሪዋ፣ ልጆቹ ሁሉ ቲቸር የሚሉት ቀጭን ሰው፣ በዚያ ዓመት አንድ የቤት ሥራ ሰጣቸው፦ አንድ ወር ሙሉ ጨረቃን በየቀኑ አይቶ መሣል። እሜቴ ደብተሯን ይዛ ልብስ ወደምናሰጣበት ጣሪያ መውጣት ጀመረች። ሌሎቹ ልጆች በአምስተኛው ቀን ከጓደኛ መገልበጥ ጀመሩ አሉ። የእኔዋ ወሩ ካለቀ በኋላም ቀጠለች፤ ሁለት ደብተር ጨረሰች።

አንድ ምሽት ከሥራ ስገባ ኮሪደር ላይ፣ አምፖሉ ፊት ለፊት፣ ድንች በሹካ ሰክታ ቆማለች።

«አባዬ ና እስቲ። አምፖሉ ፀሐይ ነው፣ ድንቹ ጨረቃ፣ የአንተ ራስ ደግሞ መሬት።»

«ራሴ መሬት መሆኑን እናትሽም ትነግረኛለች» አልኳትና ሹካውን ተቀበልኩ።

ድንቹን በአምፖሉ በኩል ስይዘው ወደ እኔ ያለው ፊቱ ጨለማ ሆነ። ይህ ጨረቃ የማትታይበት ቀን ነው አለችኝ። ቀስ ብዬ ወደ ጎን ስዞር ጫፉ በራ፣ ከዚያ ግማሹ። ለአምፖሉ ጀርባዬን ሰጥቼ ድንቹን ከራሴ ከፍ ሳደርገው ሙሉ ለሙሉ በራ።

«አየህ? ድንቹ የራሱ ብርሃን የለውም። የቱንም ያህል ብትዞር የሚበራው ሁልጊዜ ወደ አምፖሉ ያለው ጎኑ ነው። አንዴ ግማሽ አንዴ ሙሉ የምትመስለን እኛ ከምናይበት ቦታ የተነሣ ነው እንጂ እሷስ ምንም አትሆንም።»

«ዙሯን ለመጨረስስ ስንት ቀን ይፈጅባታል?»

«ከጨለማ እስከ ጨለማ ሃያ ዘጠኝ ቀን ተኩል። ቆጥሬዋለሁ።»

«ላም አለኝ በሰማይ አሉ!» አለች እናቷ ከወጥ ቤት። «ይልቅ ያንን ድንች አምጡ፤ ለራት ነው።»

ሳቅን። እውነት ለመናገር እስከዚያ ቀን ድረስ ጨረቃ ብርሃኗ ከፀሐይ መሆኑን በጆሮዬ ሰምቼ ይሆናል እንጂ በልቤ አላወቅኩትም ነበር። ሃያ ዓመት መጽሐፍ ሠርቼ አንድም ያነበብኩት የለም። ምግብ አብሳይ ሁሉ አይበላም እያልኩ እቀልድ ነበር።

እሜቴ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው። ከከተማው ወጣ ብሎ የሳይንስ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፤ ከአካባቢው ተማሪ ሁሉ በፈተና አርባ ልጅ ብቻ ይወስዳል። ቲቸር አንድ ጊዜ ሊያስጎበኛቸው ወስዷቸው ነበር። ጣሪያው ላይ ቴሌስኮፕ አለ፤ ቀን ስለነበር ክዳኑ አልተከፈተላቸውም። ያን ቀን ተመልሳ «የሳተርንን ቀለበት በዓይን ማየት ይቻላል አባዬ፤ በፎቶ አይደለም፣ በዓይን!» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልጋዋን ስታነጥፍ ስለዚያ ክዳን ታወራ ነበር።

ተፈተነች። ከስልሳ ጥያቄ ሃምሳ ሦስት አገኘች። አርባኛው ልጅ ሃምሳ አራት ነበረው።

ያለፉት ዝርዝር በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲለጠፍ አብሬያት ነበርኩ። ጣቷን ከላይ እስከ ታች አወረደች፣ እንደገና ከታች ወደ ላይ አወጣች። ስሟ የተደበቀ ይመስል ወረቀቱን ገለጥ ልታደርገው ሞከረች። ከዚያ «እንሂድ» አለች። ቤት እስክንደርስ ድረስ እኔ ብቻ ነበርኩ የማወራው፤ ምን እንደቀባጠርኩ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ቲቸር ቤታችን ድረስ መጣ። የመልስ ወረቀቷን ለማየት አስተማሪ ይፈቀድለታልና ሄዶ አይቶ ነበር። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል።

«ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ» አለ። «ፀሐይ ስትጠልቅ አናታችን ላይ የምትታየው ግማሽ ጨረቃ የበራው ጎኗ በየት በኩል ነው? የሚል። ምዕራብ ብላለች። የእነሱ መልስ ምሥራቅ ይላል።»

«ፀሐይዋ ያለችው በምዕራብ እኮ ነው!» አለች እሜቴ።

«አውቃለሁ ልጄ። ግን መልሱን የወሰዱት ከመጽሐፉ ነው። ገጽ ሰማንያ አራት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ሥዕሉን ሸመደዱ፤ እኔ መጽሐፉን አስዘግቼ ወደ ሰማይ ላክኋችሁ። እባክዎ ይቅር ይበሉኝ» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

መጽሐፉን ከእጁ ተቀበልኩ። ከጨረቃዋ ጎን ፀጉር የምታክል ጭረት አለች፤ ምላጬ ስታ የጫረቻት ናት። የራሴን እጅ እንዴት አጣዋለሁ? ሰውየው ይቅርታ እየጠየቀኝ፣ እኔ ዝም። ሚስቴ «ኧረ ቲቸር፣ እርስዎ ምን አደረጉ» ትላለች፣ እኔ ዝም። በሩ ድረስ ሸኘሁትና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ሆድ ይፍጀው አልኩ። ማን ያውቃል? አራት ቀን ፈጀው። በአምስተኛው ምሽት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ልብስ ሳወርድ፣ እሜቴ ሁለቱንም ደብተሮች ዘርግታ በላጲስ ስታጠፋ አገኘኋት። የሣለቻቸውን ግማሽ ጨረቃዎች አንድ በአንድ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እኔ ሳልሆን አልቀርም የተሳሳትኩት አባዬ። ምሥራቅና ምዕራብ ተምታቶብኝ ይሆናል። መጽሐፍ እንዴት ይሳሳታል?»

ያን ጊዜ አልቻልኩም። ልብሱን ከነመቆንጠጫው ጥዬ ቁጭ አልኩና ነገርኳት። ስለ ክቧ ፊልም፣ ስለ እርሳሱ ቀስት፣ ስለ ጭረቷ፣ ሁሉንም። ትጮህብኛለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ላጲሷን እጇ ውስጥ አሽከረከረች።

«ስትለጥፋት አላየሃትም?»

«ፊደል የለባትም እኮ የእኔ እመቤት። ፊደል የሌለው ነገር…»

«ፀሐይዋ እኮ እዚያው ገጽ ላይ ናት» አለች።

የጣልኩትን ልብስ መልቀም ጀመርኩ።

በማግስቱ መንከራተት ጀመርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አራሚያችን ነው። ጎበጥ ስላለ ማተሚያ ቤቱ ሁሉ ነጠላ ሰረዝ ይለዋል። የድሮውን ፕሩፍ፣ የማረሚያውን ቅጂ፣ አውጥቶ አየና መነጽሩን አወለቀ።

«እኔ ፊደል ነው የማርመው። ጨረቃ ፊደል ናት?»

«አይደለችም።»

«እንግዲያው ምን ፍጠር ትለኛለህ?» አለና ቆይቶ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዝም በል። አንተም እኔም ልጆች አሉን» አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስህተቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይጻፍልኝ፣ ከፈለጋችሁ አባሩኝ አልኩ። ለደብዳቤ መጀመሪያ መጽሐፉን ያዘጋጀው ክፍል ቅሬታ ማቅረብ አለበት አለኝ። እዚያ ሄድኩ። አንድ ወጣት ከመደርደሪያ የመጀመሪያውን ሥዕል አውጥቶ አሳየኝ። የሠዓሊው ጨረቃ ልክ ናት፤ ነጯ ጎን ወደ ፀሐይ። «አዩ? እኛ ጋ ስህተት የለም። ስህተት ከሌለ በምን እናማርራለን?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ የቀረኝ ፈተናውን የሚያወጣው ቢሮ ብቻ ነበር።

እዚያ የተቀበለችኝ ሹራብ ደርባ የተቀመጠች ሴት ናት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ደግ ሰው ነበረች። ወንበር ሰጠችኝ፣ ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ይሆናል። መስኮቷ በምሥራቅ በኩል ነው። ቀና ስል ግማሽ ጨረቃ ሰማያዊው ሰማይ ላይ፣ በጠራራው ቀን፣ ወጥታ አየኋት። እንደ ሕፃን ዘልዬ ተነሣሁ።

«ይኸው! ይኸው እህቴ፣ ይነሡና ይዩ! ፀሐይዋ ከኋላችን በምዕራብ ናት። ጨረቃዋ በየት በኩል ነው የበራችው?»

ተነሣች። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ አየች፤ ቸኩላም አልነበረም።

«ወደ ምዕራብ ነው» አለች።

«ታዲያስ!»

«ጋሼ፣ ይመኑኝ፣ አምኜዎታለሁ። ግን ማመኔን የት ላድርገው? ጨረቃ ማኅተም የላትም። መጽሐፉ ማኅተም አለው።»

ተቀመጥኩ። እሷም ተቀመጠችና በቀስታ፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገር አድርጋ አስረዳችኝ።

«መልሱን ልቀይር ብል ለእርስዎ ልጅ ብቻ አይደለም። በመጽሐፉ መሠረት ምሥራቅ ብለው የመለሱት ሁሉ አንድ ነጥብ ሊነጠቁ ነው። ከአርባዎቹ ውስጥ ስንቶቹ በዚያች ነጥብ እንደገቡ ያውቃሉ? እነሱ ምን አጠፉ? ያነበቡት እርስዎ የሠሩትን ነው።»

«ለሚቀጥለው ዓመትስ? እንደገና መፈተን ትችላለች።»

«ጥያቄውም መልሱም እስከ አራት ዓመት ይቆያል። የሚለወጠው ትምህርቱ በሙሉ ሲከለስ ነው።» ትንሽ አሰበችና፣ «ለልጅዎ ምሥራቅ እንድትል ይንገሯት» አለች። ይህን ስትል አላየችኝም።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ጨረቃዋ ከሕንፃዎቹ በላይ ነበረች። እኔ ላይ የምትስቅ መሰለኝ፤ በኋላ ሳስበው የምትስቅበትም ምክንያት የላትም፤ ከእኔ ስህተት ጋር ምን አገናኛት? ሰማዩ ላይ ምንም አልተበላሸም። የተበላሸው እታች ነው፣ የሚስተካከለውም እታች ነበር፤ የሚያስተካክለው ግን አልተገኘም።

እሜቴ ሰማችኝና «እሺ» ብቻ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሪያ መውጣት ተወች። ፈተናውን እንደገና ለመውሰድ ስምንተኛ ክፍልን ስትደግም መጽሐፉን እንደ ጸሎት ትደግመው ጀመር። እናቷ ጥያቄውን ታነብላታለች፣ እሷ ትመልሳለች። «በየት በኩል ነው?» «በምሥራቅ።» ጎን ካለው መኝታ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተችም።

የጨረቃ ሁለተኛ ዙር ሳያልቅ ማተሚያ ቤት ትእዛዝ መጣ፦ የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ፣ አርባ ሺህ ቅጂ፣ ያለ ምንም ለውጥ። የድሮዎቹ ፊልሞች ከመጋዘን ወጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ተዘረጉ። ገጽ ሰማንያ አራትን ሳነሣ ፕላስተሩ ደርቆ ኖሮ ጨረቃዋ ራሷ ወደቀች። መስታወቱ ላይ፣ ከሥሯ መብራት እየበራባት፣ ላይም ታችም የሌላት ሆና ተቀመጠች። ግማሽ ዙር ባዞራት ማንም አያውቅም። ነጠላ ሰረዝ ጨረቃ አያርምም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ሳላስብ ለጥፌያታለሁ፤ አሁን ደግሞ ብቻዬን አስቤ መለጠፍ ፈራሁ። በፖስታ አድርጌ ኪሴ ከተትኳትና ወደ ቤት ይዣት ሄድኩ።

እሜቴን ለምኜ ጣሪያ አወጣኋት። ልብስ አውርጂልኝ ብዬ ነው ያታለልኳት። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ግማሽ ጨረቃ ልክ አናታችን ላይ። ቀና ብላ አላየችም። ፖስታውን ከፍቼ ቁራጯን መዳፏ ላይ አደረግኩላት።

«እሷው ናት?»

«እሷው ናት። ነገ እለጥፋታለሁ። ማንም ሳያውቅ ላስተካክላት እችላለሁ።»

ቁራጯን በሁለት ጣቶቿ ጫፏን ይዛ አገላበጠቻት። ከዚያ፣ ከስንት ሳምንት በኋላ፣ ቀና አለች። አንድ ዓይኗን ጨፍና ፊልሟን ወደ ሰማይ አነሣች፤ ነጩ ጎን ከእውነተኛዋ ብርሃን ጋር እስኪገጥም ድረስ ቀስ አድርጋ አዞረቻት። ሲገጥም ፊቷ ላይ ያ የድንቹ ቀን ፈገግታ ብልጭ አለ።

«መልሱስ?» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «አብሮ ይቀየራል?»

«አይቀየርም።»

«እንግዲያው በአዲሱ መጽሐፍ የሚማሩት ምዕራብ ሊሉ ነው።»

«አዎ።»

«እንደ እኔ ሊወድቁ ነው ማለት ነው።»

የተሰጣውን ልብስ አየሁ፣ መቆንጠጫውን አየሁ።

ክንዷን ሳታወርድ ቁራጯን ግማሽ ዙር አዞረቻት። ከሰማዩ ጋር አልገጠመችም። እንዲያው እንዳለች ይዛ ወደ እኔ ዘረጋቻት።

«እንዲህ አድርገህ ለጥፋት አባዬ» አለችና ልብሱን ማውረድ ጀመረች።

ከጆሮዬ ላይ እርሳሴን አወረድኩ። እንዳልሳሳት፣ ጫፏ ላይ ትንሽ ቀስት አደረግኩባት።